የኩላሊት ካንሰርን ዕጣ በዲኤንኤ ሜቲሌሽን መተንበይ፦ በሐረር ለሚደረግ ማረጋገጫ የሚያስፈልጉ ነገሮች

መግቢያ

በካንሰር ምክንያት አንድ ኩላሊቱ ተቆርጦ የወጣለት ሕመምተኛ፣ ቁስሉ ከጠገገ በኋላ ለሐኪሙ የሚያቀርበው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ በሽታው ይመለስብኝ ይሆን? ሐኪሙ መልሱን የሚፈልገው ከጥቂት ነገሮች ነው። በሽታው ከኩላሊቱ አልፎ ወዴት ደርሷል? የዕጢው ስፋት ምን ያህል ነበር? በአጉሊ መነጽር ሲታይ የህዋሳቱ አስኳል ምን ያህል መልኩን ለውጧል? በዕጢው ውስጥ የሞተ ሥጋ አለ ወይስ የለም? እነዚህን አራት ነገሮች በነጥብ አስልቶ የሚያቀርበው፣ በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ በ2002 የታተመው ሚዛን ዛሬም ይሠራበታል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይሁን እንጂ ሚዛኑ ሁሉንም አይለይም። በስፋትም በደረጃም አንድ ዓይነት ዕጢ ከወጣላቸው ሁለት ሰዎች አንዱ በሰላም ሲያረጅ፣ በሌላው ላይ በሽታው በሁለት ዓመት ውስጥ ሳንባው ወይም አጥንቱ ላይ ሊታይ ይችላል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2020 ብቻ 431,000 ያህል ሰዎች በኩላሊት ካንሰር እንደተያዙና 179,000 ያህሉም እንደሞቱበት ገምቷል። ከእነዚህ መካከል የትኛው ሕመምተኛ የቅርብ ክትትል እንደሚያስፈልገው ቀድሞ ማወቅ የብዙ ተመራማሪዎች ጥያቄ ሆኖ ቆይቷል። ላለፉት ሠላሳ ዓመታት ገደማ መልስ ሲፈለግባቸው ከቆዩት ስፍራዎች አንዱ የዲኤንኤ ሜቲሌሽን ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው በሌላ አገር ሕመምተኞች ላይ የተገኘ የሜቲሌሽን ጠቋሚ ሐረር ውስጥ ይሠራ እንደሆነ ለማረጋገጥ ምን እንደሚያስፈልግ ነው።

ፊደሉ ሳይለወጥ ንባቡ ሲለወጥ

አማርኛ አንባቢ ሜቲሌሽንን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። «አለ» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ መኖርን ያመለክታል። ፊደሉ ያው ነው፤ ንባቡ ግን ይለያያል። የሰዋስው መምህራን ልዩነቱን ለማሳየት በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ ያኖራሉ። በዲኤንኤ ላይም እንዲህ ያለ ነጥብ አለ። ሳይቶሲን የተባለው ፊደል ጉዋኒን በሚከተለው ጊዜ፣ ሜቲል የተባለ ትንሽ የካርቦንና የሃይድሮጅን ስብስብ ሊጣበቅበት ይችላል። ሳይቶሲንና ጉዋኒን እንዲህ ተከታትለው የሚገኙባቸው፣ በሙያው አጠራር ሲፒጂ የሚባሉት ቦታዎች በሰው ዲኤንኤ ውስጥ 28 ሚሊዮን ያህል ናቸው። ከእነዚህም አብዛኞቹ በጤነኛ ህዋስ ውስጥ ነጥቡን የተሸከሙ ናቸው። ነጥብ አልባ ሆነው የሚቆዩት በተለይ ጂን በሚጀምርበት ስፍራ፣ ማለትም ፕሮሞተር በሚባለው ክልል፣ ተጠጋግተው የሚገኙት ናቸው።

በካንሰር ጊዜ ይህ ሥርዓት ይገለበጣል። በጠቅላላው ዲኤንኤ ላይ የነበረው ነጥብ ይሳሳል፤ ባዶ መሆን በነበረባቸው ፕሮሞተሮች ላይ ግን ይከማቻል። ነጥብ የተከማቸበት ጂን ዝም ይላል። ዝም ያለው ጂን ዕጢ እንዳያድግ የሚከላከል ከሆነ ጉዳቱ ጂኑ ተቆርጦ ከወጣ አይተናነስም።

ነጥቡን ለማንበብ ባይሰልፋይት የተባለ ኬሚካል ጥቅም ላይ ይውላል። ባይሰልፋይት ነጥብ የሌለውን ሳይቶሲን ወደ ዩራሲል ይለውጠዋል፤ ዩራሲሉም በቅጂ ጊዜ ታይሚን ሆኖ ይነበባል። ነጥብ ያለበት ሳይቶሲን ግን ሳይቶሲን ሆኖ ይቀራል። አንባቢ ይህን የሳይቶሲንና የታይሚን ለውጥ በልቡ ቢይዘው መልካም ነው፤ ኋላ ላይ ትልቅ ችግር የሚወለደው ከዚሁ ነውና።

ኦክስጅን፣ ከፍታና ቪኤችኤል

በአዋቂዎች ላይ ከሚታየው የኩላሊት ካንሰር ከአራት ሦስቱ ገደማ፣ ህዋሳቱ በአጉሊ መነጽር ሥር ጥርት ብለው ስለሚታዩ ክሊር ሴል የተባለው ዓይነት ነው። የዚህ ዕጢ ዋና መለያ ቪኤችኤል የተባለው ጂን ሥራ ማቆሙ ነው። ቪኤችኤል በጤነኛ ህዋስ ውስጥ ኦክስጅን በበቂ ሁኔታ ሲኖር፣ ለኦክስጅን እጥረት የሚነሣውን ሂፍ የተባለ ፕሮቲን ለጥፋት አሳልፎ ይሰጣል። ቪኤችኤል ሲጠፋ ህዋሱ አየር ሞልቶ ሳለ የታፈነ ይመስለዋል፤ አዳዲስ የደም ሥሮችንም ወደ ራሱ ይጠራል። ይህን የኦክስጅን አነፍናፊ ሥርዓት ያብራሩት ሦስቱ ሳይንቲስቶች ኬሊን፣ ራትክሊፍና ሴሜንዛ በ2019 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

በአብዛኞቹ ዕጢዎች ቪኤችኤል የሚጠፋው በፊደል ስሕተት ወይም በመቆረጥ ነው። በ1994 የታተመ ጥናት ግን ከተመረመሩት 26 ዕጢዎች በ5ቱ ጂኑ በሜቲሌሽን ዝም ማለቱን አሳየ፤ ከ5ቱም በአብዛኞቹ የጂኑ ፊደል አልተነካም ነበር። የኩላሊት ካንሰርና የሜቲሌሽን ታሪክ በሰፊው የተከፈተው ከዚህ በኋላ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለኢትዮጵያ ተመራማሪ ይህ የኦክስጅን መንገድ ሌላም ትርጉም አለው። በከፍታ ላይ የሚኖሩ የአማራና የኦሮሞ ተወላጆችን በዝቅታ ከሚኖሩት ጋር ያነጻጸረው በ2012 የታተመ ጥናት፣ ከዘረመል ልዩነት ባሻገር የሜቲሌሽን ንጽጽርንም አካቶ ነበር። በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በኢትዮጵያ ደጋ ነዋሪዎች ዘንድ በተፈጥሮ ምርጫ ተመርጠዋል ካላቸው ጂኖች መካከል ከሂፍ መንገድ ጋር የተያያዘውን ቢኤችኤልኤችኢ41 ጠቅሷል። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ብዙም ሳይርቅ ያለችው ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነች። በሐረር የሚታከም ሕመምተኛ ከደጋማው የሐረርጌ ወረዳ ወይም ከሶማሌ ቆላ የመጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የማነጻጸሪያው ጤነኛ ሥጋ ከማን ተወሰደ የሚለው ጥያቄ እዚህ እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም። የሚሻለው፣ ከዕጢው ጋር አብሮ ከተቆረጠው ከዚያው ሰው ጤነኛ የኩላሊት ክፍል መውሰድ ነው፤ የሰውየውን ከፍታና ትውልድ አብሮ ይዞ ይመጣልና።

አምስቱ ቦታዎች

በ2013 የአሜሪካው የካንሰር ጂኖም አትላስ ከ400 በላይ የክሊር ሴል ዕጢዎችን መርምሮ ውጤቱን ለሁሉም ተመራማሪ ክፍት አደረገ። ይህ ክምችት ከተገኘ ወዲህ የወጡት የትንበያ ጠቋሚዎች ብዙ ናቸው። ችግሩም ብዛታቸው ነው፤ አብዛኞቹ አንድ ጊዜ ታትመው በሌላ ሕዝብ ላይ ዳግም ሳይፈተኑ ቀርተዋል።

ከእነዚህ መካከል በ2015 በኔቸር ኮሙኒኬሽንስ መጽሔት የታተመው የቻይናና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሥራ ለሐረር በተለይ ይጠቅማል። ተመራማሪዎቹ አምስት የሲፒጂ ቦታዎችን ብቻ መርጠው፣ ሕመምተኞችን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሥጋት ያለባቸው ብለው ከፈሉ። የሞት ሥጋቱ ንጽጽር በተለያዩት የሕመምተኞች ስብስቦች ከ2.96 እስከ 4.82 ሆነ። ይህም ማለት በማናቸውም ጊዜ በከፍተኛ ሥጋት ምድብ ያለ ሰው የመሞት ዕድሉ ከሌላው በሦስት እስከ አምስት እጥፍ ገደማ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ግን ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ልዩነቱ ከላይ የተጠቀሰው የማዮ ክሊኒክ ነጥብ እኩል በሆነባቸው ሕመምተኞች መካከልም ታይቷል። ጠቋሚ ዋጋ የሚኖረው ፓቶሎጂስቱ በአጉሊ መነጽር ከሚያየው በላይ ሲናገር ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ምርመራው በፎርማሊን ደርቆ በፓራፊን በታሸገ ሥጋ ላይ ይሠራል። በጥልቅ ብርድ የሚቀመጥ ናሙና የማይጠይቅ መሆኑ መብራት በሚቋረጥበት አገር ትንሽ ነገር አይደለም።

ታዲያ ለምን እንዳለ አይወሰድም? መልሱ ቀደም ሲል ወደ ተነገረው የሳይቶሲንና የታይሚን ለውጥ ይመልሳል። ባይሰልፋይት ነጥብ የሌለውን ሳይቶሲን ታይሚን አስመስሎ ያሳያል። አንድ ሰው ግን በዚያው ቦታ ላይ ከወላጆቹ የወረሰው ፊደል ከመጀመሪያው ታይሚን ከሆነ ምርመራው ልዩነቱን አያውቅም፤ «ሜቲሌሽን የለም» ብሎ ያነባል። በሲፒጂ ቦታዎች ደግሞ እንዲህ ያለ የፊደል ልዩነት ብዙ ነው፤ ነጥብ ያለበት ሳይቶሲን በትውልድ ሂደት በቀላሉ ወደ ታይሚን ይለወጣልና። የአፍሪካ ሕዝቦች የዘረመል ልዩነት ከሌላው ዓለም የሰፋ በመሆኑ በቻይናና በአሜሪካ ችግር ያልነበረ ቦታ እዚህ ችግር ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ውድ አይደለም። አምስቱን ቦታዎች ከሕመምተኛው ደም በተወሰደ፣ ባይሰልፋይት ባልነካው ዲኤንኤ ላይ አስቀድሞ ማንበብ ይበቃል። ይህ እርምጃ ከተዘለለ ግን በኋላ የሚመጣው ስታቲስቲክስ ሁሉ ምን እንደለካ መናገር አይቻልም።

ሌላው ፈተና አዲስ ጠቋሚ የመፈለግ ጉጉት ነው። ከ480,000 በላይ ቦታዎችን በአንድ ጊዜ የሚያነብ ቺፕ ከ2011 ጀምሮ በገበያ ላይ ይገኛል። በተለመደው የ0.05 መለኪያ ቢፈተሽ ምንም እውነተኛ ልዩነት ሳይኖር እንኳ 24,000 ያህል ቦታዎች በአጋጣሚ ብቻ «ጠቋሚ» ሆነው ይወጣሉ። በጥቂት ደርዘን ሕመምተኞች ከዚህ ክምር ውስጥ እውነተኛውን መለየት አይቻልም። ስለዚህ በሐረር የሚያዋጣው ግኝት ሳይሆን ማረጋገጥ ነው፤ ቀድሞ የታወቁትን አምስት ቦታዎች ወስዶ አንድ ጥያቄ ብቻ መጠየቅ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለሚፈልግ ተማሪ ይህ ብዙ ላይማርክ ይችላል፤ ግን ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ነው።

ከሥጋው ቁራጭ እስከ ሞት መዝገቡ

ትንበያን ለማረጋገጥ ሁለት ነገር ይበቃል፤ በሚገባ የተቀመጠ ሥጋና ሕመምተኛው ምን እንደሆነ የሚናገር መዝገብ። ስለ መጀመሪያው ብዙ መናገር አያስፈልግም። ፎርማሊኑ ባፈር ያልገባበትና አሲድነት ያለው ከሆነ፣ ወይም ሥጋው ለቀናት በውስጡ ከቆየ፣ ዲኤንኤው ይቆራረጣል፤ ሳይቶሲንም በራሱ ጊዜ ወደ ዩራሲል ይለወጣል። ባይሰልፋይት ሆን ብሎ የሚያደርገውን ቸልተኝነት ቀድሞ ያደርገዋል ማለት ነው። ሥጋው ወደ ፎርማሊን የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት መጻፍ የአንድ መስመር ሥራ ነው።

ሁለተኛው ግን ረጅም ትኩረት ይሻል። ለምሳሌ ያህል 60 ሕመምተኞች ኩላሊታቸው ወጥቶ አምስት ዓመት ሞላቸው እንበል። 15ቱ መሞታቸው ታወቀ፤ 20ው በሕይወት እንዳሉ ታወቀ፤ 25ቱ ግን ለቀጠሮ አልተመለሱም። የጠፉት ሁሉ በሕይወት ካሉ በሕይወት የቆየው ከመቶ 75 ነው። ሁሉም ሞተው ከሆነ ከመቶ 33 ብቻ ነው። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል የትኛውም የሜቲሌሽን ጠቋሚ ሊያምር ወይም ሊወድቅ ይችላል።

ስታቲስቲክሱ ከክትትል የጠፉትን የሚያስተናግድበት መንገድ አለው፤ መንገዱ የሚሠራው ግን መጥፋታቸው ከዕጣቸው ጋር ካልተያያዘ ነው። በሐረርጌ እውነታ ይህን ማመን ይከብዳል። ደኅና የሆነው ገበሬ እርሻውን ትቶ ለምን ይመጣል? የከፋበትም ቤተሰቡ ወደ ቀዬው ይወስደውና እዚያው ያርፋል። የሚጠፉት ከሁለቱ ጫፎች ናቸው። ጠቋሚው በእርግጥ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ «ከፍተኛ ሥጋት» ያላቸው ሰዎች ቀድመው ወደ ቤታቸው ሄደው ስለሚሞቱ በመዝገቡ ላይ የሚታዩት «የጠፋ» ተብለው ነው። ጠቋሚው በትክክል የተናገረው ሞት እንደ ባዶ መስመር ይቀመጣል።

በሐረር ስሙ በዓለም የታወቀው የካንሰር ሕመምተኛ ፈረንሳዊው ገጣሚና ነጋዴ አርተር ራምቦ ሳይሆን አይቀርም። በ1891 ጉልበቱ አብጦ በቃሬዛ ወደ ዘይላ አወረዱት፤ ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፤ ኖቬምበር 10 ቀንም በ37 ዓመቱ ሞተ። ዕጣው እንዲህ በቀን ሊቆጠር የቻለው ደብዳቤዎቹና መዝገቦቹ ስለተጠበቁ ነው።

ዛሬ ግን ሐረር በዚህ ረገድ ከብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች የተሻለ መነሻ አላት። የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጁ በሐረር የሚገኘው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከ2007 ጀምሮ በቀርሳ ወረዳ፣ ኋላም በሐረር ከተማ ቀበሌዎች ውስጥ፣ ልደትንና ሞትን ቤት ለቤት የሚመዘግብ የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ያካሂዳል። ሰው ሲሞት ቤተሰቡን ስለ ሕመሙ ጠይቆ የሞቱን ምክንያት የሚገምት የቃል አውቶፕሲም አለው። በዚሁ መሠረት ላይ ቻምፕስ የተባለው የሕፃናት ሞት ጥናት፣ በወላጆች ፈቃድ ከሞቱ ሕፃናት በመርፌ ናሙና ይወስዳል። ቀብር በማይዘገይበት ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ መቻሉ መተማመን ካለ ከባዱም ጥያቄ እንደሚጠየቅ ያሳያል።

ገደቡ ግን ግልጽ ነው። ክትትሉ የሚሸፍነው ጥቂት ቀበሌዎችን ሲሆን የሕይወት ፋና ሆስፒታል ሕመምተኞች ከምሥራቅ ሐረርጌ፣ ከድሬዳዋና ከሶማሌ ክልል ጭምር ይመጣሉ። የቃል አውቶፕሲም ቢሆን የኩላሊት ካንሰርን ከሌላ የሆድ ዕጢ አይለይም። በአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ከ2011 ጀምሮ አለ፤ ከዚያም ቀደም ብሎ፣ ከ2001 ወዲህ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በከተማዋ መካነ መቃብሮች ቀብሮችን እየመዘገቡ የሞት ምክንያትን ሲያጠኑ ቆይተዋል። የቀብር ቦታ የመረጃ ቦታ መሆን እንደሚችል ከዚህ መማር ይቻላል።

በሐረር ቀብርን የሚያውቅ የቆየ ተቋም አለ። የሐረሪዎች አፎቻ አባላቱን በሠርግና በሐዘን የሚያሰባስብ ማኅበር ነው፤ በሌሎች ነዋሪዎች ዘንድ ዕድር ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል። አፎቻ ወይም ዕድር አባሉ የሞተበትን ቀን አይስትም። ምክንያቱን ላያውቅ ይችላል፤ ማወቅም አይጠበቅበትም። ስለዚህ የሐረሩ ጥናት ሊለካ የሚገባው በካንሰሩ መሞትን ሳይሆን በማናቸውም ምክንያት መሞትን ነው። ይህ መለኪያ ሸካራ ነው፤ የአምስቱ ቦታዎች ጥናትም የለካው ግን ይህንኑ ነበር።

እዚህ ላይ የምስጢር ጉዳይ ይነሣል። ተመራማሪ ወደ አፎቻው ሄዶ «እገሌ አሉ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ሕመሙን እንደገለጠ ይቆጠራል። በጀጎል ጠባብ መንገዶች ወሬ ከተመራማሪው እግር ይፈጥናል። ጥያቄው መቅረብ ያለበት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለራሱ ለሕመምተኛው ነው፤ ወደፊት ብንደውልላቸው የሚፈቅዱልንን ሁለት ሰዎች ይምረጡልን፣ ስለ ሕመምዎም ምን ያህል እንዲያውቁ ይፈልጋሉ?

የጥናቱ ቅርጽ

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ጥናት ትንሽና ዘገምተኛ ነው። ለአንድ ተለዋዋጭ ቢያንስ አሥር ሞት ያስፈልጋል የሚለው የተለመደ መመሪያ ቢወሰድ፣ በምሳሌው የታዩት 15 ሞቶች የሚሸከሙት አንድ ተለዋዋጭ ብቻ ነው። የማዮ ክሊኒክ ነጥብና የሜቲሌሽን ምድብ ጎን ለጎን ሊፈተኑ ቢያንስ 20 ሞት መመዝገብ አለበት። አንድ ሆስፒታል ብቻውን ይህን ቶሎ አያገኝም፤ ጥናቱን ከአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ጋር ማጣመር ይበጃል።

ማጨስም ለብቻው መመዝገብ አለበት፤ በደምም ሆነ በሥጋ ሜቲሌሽንን ከሚለውጡት ነገሮች አንዱ ነውና። ጫትና ሲጋራ አብረው በሚሄዱበት ከተማ ሁለቱን በአንድ ጥያቄ ማጠቃለል ስሕተት ነው። በሐረር ሁለት ሆስፒታሎች የተካሄደውና በ2018 የታተመው የጫትና የጉበት በሽታ ጥናት፣ ስለ ጫት አጠቃቀም በዝርዝር መጠየቅ እንደሚቻልና የማይታወቅ የመሰለ በሽታም በዚህ መንገድ ፍንጭ እንደሚሰጥ አሳይቷል።

ውጤቱ ለሕመምተኛው ምን ይጠቅመዋል? በበለጸጉ አገሮች ከፍተኛ ሥጋት ያለበት ሰው ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከ2021 ወዲህ ፔምብሮሊዙማብ ሊታዘዝለት ይችላል። መድኃኒቱ ለአብዛኛው የሐረርጌ ሕመምተኛ የማይደረስበት ነው። እዚህ የሚቀየረው የቀጠሮው ድግግሞሽ ነው። ከባቢሌ ወይም ከጉርሱም ለሚመጣ ሰው እያንዳንዱ ሲቲ ስካን የትራንስፖርት፣ የማደሪያና የሥራ ቀን ዋጋ አለው። ዝቅተኛ ሥጋት ያለበትን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከፍተኛ ሥጋት ያለበትን በየስድስት ወሩ መጥራት ቢቻል፣ ቀጠሮ የሚያከብረው ሰው ቁጥር ራሱ ሊጨምር ይችላል።

የሥራው ቅደም ተከተልም ከዚህ ይወጣል። የመጀመሪያው ዓመት የፒሲአር መሣሪያ አይነካም። ባፈር የገባበት ፎርማሊን፣ የሰዓት መመዝገቢያ ቅጽ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በሐረሪ ቋንቋ የተዘጋጀ የፈቃድ ጽሑፍ፣ እንዲሁም በየሦስት ወሩ የሚደውል አንድ ሰው ይበቃል። ያ ሰው በዓመቱ መጨረሻ ከአሥር ሕመምተኞች ዘጠኙን ማግኘት ከቻለ ባይሰልፋይቱ ይገዛል፤ ካልቻለ ደግሞ የሚጠናው የስልክ ዝርዝሩ ነው።